ትርጉሙ እስኪደርስ

አቶ እንድሪስ ሙሄ ሶልቪያ ከገቡ ሁለት ወር ሳይሞላ የተያዙበት ጥፋት አንገት መነቅነቅ ነው።

ነገሩ የሆነው የልጅ ልጃቸው የነቢል ትምህርት ቤት በር ላይ ነው። አስተማሪዋ ልጁን ልታስረክባቸው ስትወጣ ቆም አለችና ብዙ ነገር ነገረቻቸው። ነቢል ምሳውን አይጨርስም፤ ሥዕል ይወዳል፤ እናቱ ሆስፒታል ከገባች ወዲህ ግን ከልጆች ተነጥሎ መስኮት ሥር መቀመጥ አብዝቷል። አቶ እንድሪስ ኮፍያቸውን አስተካክለው፣ ጎንበስ ብለው፣ «እህ… እህ… እሺ…» እያሉ አዳመጧት። ከጆሯቸው ጀርባ የተለጠፈው ቱርጁማን የሚሉት አስተርጓሚ ማሽን ትርጉሙን የሚያመጣው ተናጋሪው ካበቃ በኋላ፣ ጥቂት ትንፋሽ ዘግይቶ ነው። እሳቸው ግን አንዷንም ዓረፍተ ነገር ያለ «እህ» አላሳለፏትም። ወሎ ውስጥ ሰው እያወራው ጭጭ ብሎ የሚያይ ሰው ወይ ታሟል፣ ወይ ተቀይሟል። ቱርጁማኑ ቆዳቸውን ነዘር፣ ነዘር አደረጋቸው። ባትሪው ያለቀ መሰላቸው።

አመሻሹ ላይ ለነቢል እራቱን ሲያቀርቡ ያው ማሽን በሚያባብል የሴት ድምፁ፣ «ክቡር ጎብኚ፣ ያልተፈቀደ የቋንቋ ትምህርት ምልክት ታይቶብዎታል። በመጪው ሳምንት ለምርመራ ይቀርባሉ። መልካም ቆይታ ይሁንልዎ» አላቸው።

የሶልቪያ ሕግ ሲነግሩት ቀላል ነው። ለጉብኝት የገባ ሰው ሶልቪኛ አይማርም። መማር የፈለገ የተማሪ ቪዛ ያወጣል። የተማሪ ቪዛ የሚወጣው ከአገር ቤት ነው፤ ወጣትነቱ ላለፈ ሰው ደግሞ ጨርሶ አይወጣም። ለጎብኚ የተፈቀዱት ቃላት አውሮፕላን ጣቢያው ሱቅ ውስጥ ከቸኮሌትና ከቁልፍ መያዣ ጎን ይሸጣሉ፤ «እንደምን ዋላችሁ»፣ «አመሰግናለሁ»፣ «ዋጋው ስንት ነው»፣ «አገራችሁ ታምራለች»። ከእነዚህ ያለፈ ቃል ጭንቅላቱ ውስጥ የተገኘበት ሰው፣ አስቦበት ተማረው ሳያስበው ገባበት፣ በጉብኝት ስም የተማረ ይባላል። ድሮ ድሮ ጎብኚ የሆነ ሰው እግረ መንገዱን ጥቂት ሳምንት ቋንቋ ትምህርት ቤት ገብቶ ይወጣ ነበር ብለው የሚያወሩ ሽማግሌዎች አሉ። ወጣቶቹ እንደ ተረት ነው የሚሰሟቸው።

ቱርጁማን ያሉት ሐበሾቹ ናቸው። መንግሥት የሚጠራው «የጎብኚ ረዳት» እያለ ነው፤ መርዳቱንም ይረዳል። በአንድ በኩል ይተረጉማል፣ በሌላ በኩል ይጠብቃል። ትርጉሙ ሳይደርስ የሳቀ፣ የደነገጠ ወይም ዞር ያለ ሰው እዚያው ይያዝበታል። ስለዚህ በሶልቪያ ከተሞች ቀልድ ሰምተው እንደ ሐውልት ቆመው የሚጠብቁ፣ ከዚያ ሁሉም ካበቃ በኋላ ብቻቸውን የሚስቁ የውጭ ሰዎች ይታያሉ። የአገሬው ልጆች ይህን እያዩ አድገዋልና አይገርማቸውም።

አቶ እንድሪስ የመጡት አገር ለማየት አይደለም። ኮምቦልቻ ውስጥ ዕድሜ ልካቸውን የሽመና ማሽን ሲጠግኑ ኖረው፣ ጡረታቸውን እየበሉ፣ የሰፈራቸውን ዕርቅ እየሸመገሉ ተቀምጠው ነበር። አንድ ልጃቸው ሰዓዳ ሶልቪያ ውስጥ ጉበቷን ታማ ተኛች። ባሏ ከሄደ ቆይቷል፤ ሌላ ዘመድ የላትም። እናቱ የተኛችበትና ዘመድ የሌለው ልጅ በዚያ አገር ወደ ልጆች ማዕከል ይወሰዳል። ከማዕከሉ ወጥቶ ወደ ዘመዱ የተመለሰ ልጅ ያየ ሐበሻ የለም። ለዚህ ነው ሽማግሌው ሻንጣቸውን አንጠልጥለው የመጡት፤ ሰዓዳ እስክትድን ነቢልን ሊጠብቁ። ሕግ የጣሰ ጎብኚ ደግሞ በማግስቱ ይሳፈራል፣ ልጅም አይረከብም።

እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን አቶ እንድሪስ ንጹሕ አልነበሩም። በአስተማሪዋ ፊት የነቀነቁት ከትሕትና ነው፤ ከነገረቻቸው እኩሌታውን እንኳ አልሰሙም። ጥፋታቸው ሌላ ቦታ ነው የተሠራው። ቱርጁማን የሚወልቀው ለመኝታና ለመታጠብ ብቻ ነው። የሶልቪያ ሕግ አርቃቂዎች መታጠብን በቀን አንዴ አስበውት ይሆናል። አቶ እንድሪስ ለሶላት በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ ያደርጋሉ። ቧንቧው ሲከፈት ነቢል ካለበት ይሮጥና የመታጠቢያ ቤቱ ደፍ ላይ ቁጢጥ ይላል። ስድስት ዓመቱ ነው። አማርኛ «አባባ»ንና «ና ብላ»ን ነው የሚያውቀው፤ እናቱ ትምህርት ቤቱ እንዳይቆጣ ፈርታ አላስተማረችውም። እና ውሃውን እየጠቆመ በሶልቪኛ ይናገራል፣ አያቱ እጃቸውን እያሹ ይደግሙታል። ውሃ። ክርን። ቀዝቃዛ። እናቴ። እርቦኛል። ና። አንዳንዴ አያትየው ሲሳሳቱ ልጁ መሬት ላይ ተንከባሎ ይስቃል። እናቱ ከተኛች ወዲህ ሌላ የሚስቅበት ቦታ አልነበረውም፣ ማን ልቡ ችሎ ይከለክለዋል?

የጥሪው ማግስት አቶ እንድሪስ ሆስፒታል ሄዱ። ለዙህር ሶላት ልታጠብ ብለው ቱርጁማኑን መስኮቱ ላይ አኖሩት፣ ቧንቧውን ከፈቱት፣ ከዚያ ወደ ልጃቸው አልጋ ተጠጉ። ሰዓዳ ዓይኗ ቢጫ ሆኗል፤ ሰውነቷ አንሶላው ሥር የለም ያሰኛል።

«አባዬ፣ ምን አደረጉ?»

«ምን አደርጋለሁ? አስተማሪዋ አወራችኝ፣ እህ አልኳት።»

«እህ አይበሉ!»

«ሰው እያናገረኝ? ግንድ ነኝ እንዴ እኔ?»

«ግንድ ይሁኑ። ወላሂ ግንድ ይሁኑልኝ፣ አባዬ።» ልትስቅ ጀምራ ጎኗን ያዘች። «እዚያ ክፍል ሲያስገቡዎት ትርጉሙን ያዘገዩታል። የማይሉዎት ነገር የለም። ትከሻዎ ላይ ሸረሪት አለ ይላሉ። ባለፈው ዓመት አንዲትን የሐረር ሴት ‹ቤትሽ ተቃጠለ› ሲሏት ብድግ አለች። በማግስቱ አሳፈሯት። እስካሁን ልጇን አላየችም።»

«ይዋሻሉ በይኛ!»

«እነሱ ዘንድ ውሸት አይባልም፣ ፈተና ነው።»

አቶ እንድሪስ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ወዲያው ደንግጠው አቆሙ። ሰዓዳ እጃቸውን ያዘች። እጇ ይፋጃል።

«ነቢልን ለማንም እንዳይሰጡብኝ። እኔ አንድ ነገር ብሆን ይዘውት አገር ቤት ይግቡ። ሕግ ያልጣሰ ዘመድ ይዞ መግባት ይችላል፤ ጠይቄያለሁ።»

«ኧረ ሟርት ተይ! አብሽሪ፣ ምንም አትሆኚም።»

«ይማሉልኝ።»

ማሉላት። ውሃው ሲፈስ ቆይቶ ነበርና ነርሷ በሩን ከፍታ አየቻቸው። ቱርጁማናቸውን አንስተው ለጠፉ።

አቶ እንድሪስ ያን ሳምንት ግንድ መሆን ሲማሩ ከረሙ። ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ ይባላል፤ ግንድ ሁን መባል ግን በተረቱ ውስጥም የለም። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ስታወራቸው ዓይናቸውን ግድግዳው ላይ ተከሉ። ጎረቤቱ ሰላም ሲላቸው ትርጉሙ እስኪደርስ ጠበቁና፣ ሰውየው በሩን ከዘጋ በኋላ ለበሩ ሰላምታ ሰጡ። ኀፍረቱ ፊታቸውን አቃጠላቸው። ስንት ሰው ያስታረቁ ሽማግሌ፣ በስተርጅና ባለጌ ሆኑ።

ከሁሉ የከበዳቸው ነቢል ነው። የመታጠቢያ ቤቱን ትምህርት ማቆም ነበረባቸው፤ አንዲት ቃል ብታመልጣቸው አለቀ። ቧንቧውን ከፍተው፣ ባለቻቸው ጥቂት ሶልቪኛ ሊያስረዱት ሞከሩ። ቪዛ፣ ምርመራ፣ ሕግ የሚሉትን ከየት ያምጧቸው? ያላቸው ቃል ስለ ሳሙናና ስለ ክርን ነው። በመጨረሻ፣ «አባባ፣ ከዛሬ በኋላ አይሰማም» አሉት።

«ለምን?» አለ ነቢል።

ቱርጁማናቸውን ለጠፉ። ልጁ ጨዋታ መስሎት፣ «አባባ፣ ጭራ አለህ!» ብሎ ጠበቀ። ፊታቸውን አላንቀሳቀሱም። «አባባ፣ አህያ ነህ!» ነቢል ሳቀ፣ ደጋገመው፣ ከዚያ ሳቁ እየቀነሰ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ለአስር ሶላት ሲታጠቡ መጥቶ ደፉ ላይ ተቀመጠና፣ ውሃውን ብቻ አይቶ ተነስቶ ሄደ። አቶ እንድሪስ እግራቸውን ሁለቴ ማጠባቸውን እንኳ አላወቁም።

በምርመራው ዕለት ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበር ነቢልን ይዘውት ሄዱ። ልጁን መጫወቻ ባለበት ክፍል አስቀመጡት፤ እሳቸውን አበባ በሞላበት፣ ለስላሳ ወንበር ባለው ክፍል አስገቧቸው። መርማሪዋ ኦልማ የምትባል ጎልማሳ ሴት ናት፤ ገጿ ደግ ነው። ሻይ አቀረበችላቸው። ግንባራቸው ላይ ቀጭን ሽቦ አሰረች። ከዚያ በሶልቪኛ፣ ወሬ እንደሚያወራ ሰው፣ ትናገር ጀመር።

አብዛኛውን አልሰሙትም፤ የሰሙትንም በሆዳቸው ከቁርአን ቁል ሁወላሁን እየቀሩ አሳለፉት። ሸረሪቱ መጣ፣ ሄደ። ሱሪዎ ክፍት ነው ተባሉ፤ ይህቺ ልትጥላቸው ነበር፣ ምክንያቱም እጃቸው ከጉልበታቸው ላይ ተነስቶ ነበር። ወደ ሻዩ አዙረውት አንድ ጊዜ ፉት አሉ። «ውጭ ያለው ልጅ ወድቆ እየደማ ነው» አለች። ከውጭ የነቢል የአሻንጉሊት መኪና ድምፅ ይሰማቸው ነበርና በእሱ ተጽናኑ።

በዚህ መሃል በሩ ተከፈተና አንድ ወጣት ገባ። ወደ ኦልማ ጎንበስ ብሎ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ግን እሳቸው ሊሰሙት በሚችሉት ልክ፣ ተናገረ።

«ከሆስፒታሉ ደውለዋል። ልጃቸው ሞታለች። አሁን እንንገራቸው?»

«ሆስፒታል»ን ያውቁታል። «ልጅ»ን ያውቁታል። ሦስተኛውን ቃል ያስተማራቸው ነቢል ነው፣ የትምህርት ቤቱ ጥንቸል አልነሳ ያለች ቀን፣ ደፉ ላይ ተቀምጦ እያለቀሰ።

ኦልማ ወጣቱን አላየችውም። የምታየው እሳቸውን ነበር።

«አሁን አይሆንም» አለች። «እንጨርስ።»

አቶ እንድሪስ አበባው ላይ ተክለው የነበረውን ዓይናቸውን ከዚያው አላነሱም። ያረቢ፣ ይህ ፈተና ነው ወይስ እውነት? ቢጠይቁ መስማታቸው ታወቀ፤ ነቢል ዛሬውኑ ማዕከል ይገባል። ባይጠይቁ ልጃቸው ሞታ እሳቸው ሻይ ይጠጣሉ። ጭንቅ ውስጥ ሆነው የያዙት አንድ ገመድ ቢኖር ይህ ነው፤ መርዶ እንዲህ አይነገርም። እሳቸው ራሳቸው ስንት መርዶ ነግረዋል። ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሰውየው ከእንቅልፉ ተነስቶ ቁጭ ካለ በኋላ፣ የሚወደው ሰው ክንዱን ይዞት፣ ሽማግሌ ከሩቅ ጀምሮ እየቀረበ ነው የሚነገረው። ቆሞ፣ በበር ስንጥቅ፣ ለሌላ ሰው እያንሾካሾኩ መርዶ የሚነግር ሕዝብ ከምድር በላይ ሊኖር አይችልም። ስለዚህ ውሸት ነው። እንደ ሐረሯ ሴት ቤት ነው። በዚህ አመኑና ሻያቸውን አንስተው ጨረሱት።

ምርመራው ሲያበቃ ትርጉሙ በሰዓቱ መድረስ ጀመረ።

«እንኳን ደስ አለዎት» አለቻቸው ኦልማ። «ምንም ቋንቋ አልተገኘብዎትም። አንገት መነቅነቅዎ የባህል ልማድ ተብሎ ተይዞልዎታል። ከልጁ ጋር መቆየት ይችላሉ።»

«አመሰግናለሁ» አሉ፣ በተፈቀደው ቃል።

«ሆስፒታሉ ግን እንዲመጡለት ይፈልጋል» አለችና እጃቸውን ጨበጠች። ትንሽ ረዘም አድርጋ ነው የጨበጠቻቸው። አቶ እንድሪስ ያን ባታደርግ ኖሮ ብለው ተመኙ።

ባቡሩ ላይ ነቢል በመስኮት ሲያይ ሄደ። አያትየው እጁን እንደያዙት፣ ሰዓዳን እንዴት አድርገው እንደሚያስቋት ያስቡ ነበር። ሱሪዎ ክፍት ነው አሉኝ ይሏታል። አንቺን ሞታለች ብለው ሊጥሉኝ ነበር፣ እኔ ግን ግንድ ነኝ ይሏታል። መሃል ላይ የኦልማ እጅ ትዝ ሲላቸው ሐሳቡን ከመጀመሪያው ይጀምሩታል። ፈርተዋል። እንደዚህ ፈርተው አያውቁም።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ሐኪሙና ነርሷ ቆመው ጠበቋቸው። የሰዓዳ ክፍል በር ተዘግቷል። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ማልቀስ የዳዳው ይመስላል። ወደ እሳቸው እያየ በሶልቪኛ ጥቂት ቃላት ተናገረ። ያች ቃል መሃል ላይ ነበረች።

አሁን ጥርጣሬ የለም። አቶ እንድሪስ ሰሙ። ከጆሯቸው ጀርባ ያለው ነገር ገና ምንም አላለም።

የሰማው ግን ሌላም ሰው ነበር። ነቢል ፊቱን ወደ ላይ አቅንቶ አያቱን አየ። የአያቱን ፊት ይጠብቃል። ልጅ አንድ ነገር ሲሆን የሚያየው የትልቁን ሰው ፊት ነው፤ ማልቀስ እንዳለበት የሚያውቀው ከዚያ ነው። የአያቱ ፊት አልተንቀሳቀሰም።

«አባባ» አለ በሶልቪኛ። «እናቴ።»

ቱርጁማኑ ድምፅ ሰጠ። «አሳዛኝ ይዘት ያለው መልእክት ደርሶዎታል። ተስማሚ ቃላት እየተመረጡ ነው። እባክዎ ይታገሡ።»

«አባባ፣ ሰምተሃል!» ነቢል እጃቸውን ይዞ ወዘወዛቸው። «ሰምተሃል እኮ! ታውቀዋለህ!»

ነርሷ ልጁን ተመለከተች፣ ቀጥላም ሽማግሌውን ተመለከተች። አቶ እንድሪስ ከሐኪሙ ራስ በላይ ያለውን መብራት ያዩ ነበር። የማሉላት ልጅ እጅ በመዳፋቸው ውስጥ ነው። ጎንበስ ብለው ቢያቅፉት ያጡታል፤ ሐኪሙ አይቷል፣ ነርሷ አይታለች፣ ያ ቱርጁማን፣ ሽቦ አይሉት ጆሮ፣ ያየውን አይረሳም። ሲሳፈሩ እጁን ይዘው እንዲወጡ አሁን እጁን መጨበጥ የለባቸውም። ቆሙ። ዓይናቸው ውስጥ የመጣውን መልሰው ዋጡት። ሆድ ይፍጀው የተባለው ለካ ለዚህ ነው።

የነቢል እጅ ከእጃቸው ወጣ። ልጁ ወደ ኋላው ሁለት እርምጃ አፈገፈገ፣ አያቱን እንደማያውቃቸው ሰው አየና ዞሮ ወደ ነርሷ ሮጠ። ፊቱን ቀሚሷ ውስጥ ቀብሮ ነው ልቅሶው የመጣለት። ነርሷ በሶልቪኛ እያባበለች አቀፈችው።

ከዚያ ትርጉሙ ደረሰ። «ሐኪሙ ልጅዎ ሰዓዳ ዛሬ ረፋድ ላይ ሕይወቷ ማለፉን በታላቅ ሐዘን ይገልጹልዎታል» አለ ያ የሚያባብል ድምፅ።

አቶ እንድሪስ «ኢና ሊላሂ» ብለው ግድግዳውን ይዘው ወረዱ፤ አሁን የተፈቀደ ስለሆነ ጮኸው አለቀሱ። ሐኪሙ ክንዳቸውን ያዘ። በእንባቸው መሃል ከነርሷ ቀሚስ የማይላቀቁትን ትንንሽ ጣቶች አዩና እጃቸውን ዘረጉ። «ወደ እኔ ና» የሚለውን በሶልቪኛ አሳምረው ያውቁታል።

በአማርኛ ጠሩት።